ከደጃፍህ ተነሣ

በግራና፣ በመርሳ፣ በውርጌሳ፣ በወልድያም የምትኖሩ፣ ሐምሌ 7 በመጣ ቁጥር የሥላሴን ጠበል ጻድቅ የምትደግሱ ምእመናን ሆይ፤ ይህ ቃል ለእናንተ ነው። «እገሌ በሰማው» እያላችሁ ወደ ጎረቤት አትመልከቱ። እግዚአብሔር ከእኛ ጋር የሚነጋገረው ነገር አለው፤ ብዙ ታግሦናል፣ ቀኑም እየሄደ ነው።

የምታከብሩት በዓል የማን ቤት በዓል እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሥላሴ በአብርሃም ቤት በእንግድነት የተገኙበት ቀን ነው። ድፎው ተቆርሶ ጠላው ሲቀዳ ታሪኩን ከልጅነታችሁ ጀምራችሁ ሰምታችሁታል። ሆኖም እኛን የሚነካው ቦታ ላይ ሲደረስ እየታለፈ ኖሯልና ዛሬ ደግማችሁ ስሙት።

አብርሃም እንግዳ ሳይቀበል እህል አይቀምስም ነበር። ይህን ያየ ሰይጣን ራሱን ፈንክቶ፣ ደሙን አፍስሶ መንታ መንገድ ላይ ቆመ። ወደዚያ ቤት የሚያቀናውን መንገደኛ ሁሉ «አትሂዱ፤ ተደብድቤ የወጣሁት ከዚያ ቤት ነው፤ የምታውቁት አብርሃም ዛሬ የለም» እያለ መለሰው። ሦስት ቀን እንግዳ ከደጁ ጠፋ፤ አብርሃምም ሦስት ቀን ጾሙን ዋለ፣ ጾሙን አደረ። አባቶቻችን ያቆዩልን ትረካ ይህ ነው። ኦሪት ዘፍጥረት ደግሞ የቀረውን ይነግረናል። ቀትር ላይ፣ ፀሐይ በበረታችበት ሰዓት፣ አብርሃም ከድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጦ ሳለ ሦስት ሰዎች ከሩቅ አየ። አይቶም ሮጠ። የ99 ዓመት ሽማግሌ በዚያ ሐሩር ተነሥቶ ሮጠ። ከየት መጣችሁ፣ የማን ወገን ናችሁ፣ መታወቂያ አላችሁ ወይ አላለም። ዱቄቱ የተቦካው፣ ጥጃው የታረደው፣ እግራቸው እንዲታጠብ ውኃ የቀረበው የእንግዶቹ ማንነት ከመገለጡ በፊት ነው።

ይህ ሰው መነሣትን የት ተማረ? ከዚያ ቀን 24 ዓመት በፊት፣ በ75 ዓመቱ፣ አገሩን፣ ዘመዱንና የአባቱን ቤት ትቶ ወደማያውቀው ምድር እንዲሄድ ታዞ ነበር። የምድሪቱ ስም እንኳ አልተነገረውም። ቅዱስ ጳውሎስ ለዕብራውያን ሲጽፍ ይህንኑ ነው ያነሣው፤ አብርሃም ወዴት እንደሚሄድ ሳያውቅ ወጣ። አንድ ጊዜ በእግዚአብሔር ቃል ከቤቱ የወጣ ሰው መንገደኛ ሲያይ ራሱን ያያል። ጉልበቱ ለመሮጥ የታዘዘለት ስለዚህ ነው። ለእግዚአብሔር ብሎ ምንም ትቶ የማያውቅ ሰው ግን ከደጃፉ መነሣት ያቅተዋል፤ ቢነሣም በሩን ለመዝጋት ነው።

የእኛ በሽታ ይህ ነው። እምነታችን ተቀምጧል። ቅዳሴ እናስቀድሳለን፣ ማኅበር እንጠጣለን፣ ለሰንበቴ ተራችንን እናወጣለን፤ ከዚያ ያለፈ ነገር እግዚአብሔር ሲጠይቀን ግን «ለዚህ ሌላ ሰው አለ» እንላለን። በሽንኩርት እርሻችን፣ በቤት ኪራያችን፣ በልጆቻችን ትምህርትና በዕድራችን ዙሪያ አጥር አጥረን ከአጥሩ በመለስ ያለውን ብቻ «እግዚአብሔር ይመስገን» እንለዋለን። ከአጥሩ ማዶ የሚጠራንን ድምፅ የመንግሥት ጉዳይ አድርገነዋል።

ያ ድምፅ ከሩቅ የሚመጣ አይደለም። በራሳችን ወረዳ፣ በሐብሩ፣ ጃራ አለ። ከወለጋ የተፈናቀሉ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች፣ ጦርነቱ ከራያ በኩል ያፈለሳቸውም ጭምር፣ ሸራ ወጥረው የተጠለሉበት ቦታ ነው። የቆላችንን ሙቀት የሚያውቅ ሰው ቀን ላይ ከሸራ ሥር መቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ አይነገረውም። እናቶች ሕፃን ታቅፈው ጠዋት በምዕራብ በኩል፣ ከሰዓት በምሥራቅ በኩል የሸራውን ጥላ እየተከተሉ ይቀመጣሉ። ቢጫው ጀሪካን ከሰው በፊት ተሰልፎ ውኃ ይጠብቃል። ስንዴው ሲመጣ ዘይቱ ይቀራል፤ ዘይቱ ሲመጣ ስንዴው ዘግይቷል። እናንተ በአውራ ጎዳናው ስንት ጊዜ አልፋችኋል? ከመርሳ ወደ ወልድያ ስትሄዱ፣ ስትመለሱ፣ በባጃጁ መስኮት የተፈናቀለውን ሰው ስንት ጊዜ አይታችሁ ፊታችሁን መልሳችኋል?

እነማን እንደሆኑ ደግሞ አላወቅንም አትበሉ። በ1977 ድርቅ ወሎ ሲያልቅ፣ ደርግ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ አንሥቶ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ከፋ፣ ወደ ጋምቤላና ወደ መተከል ወሰደ። «ሰፈራ ሄደ» የሚለው ቃል በየቤታችን የገባው ያኔ ነው። ብዙው ወዶ አልሄደም፤ እህል ይሰጣል ተብሎ ሲሰበሰብ አውቶቡስ ላይ የተጫነ አለ፣ ባልና ሚስት የተለያዩበት አለ። ይህን በየቤቱ ያለ አዛውንት ይመሰክራል። ወለጋ የደረሰውም ጫካ መንጥሮ፣ በቆሎ ዘርቶ፣ ልጅ ወልዶ፣ ታቦት ተክሎ፣ መስጊድ ሠርቶ ኖረ። ከ2013 ወዲህ ደግሞ ቤቱ እየተቃጠለ፣ ሰዉም እየተገደለ ተሰደደ። ሰኔ 11 ቀን 2014 በጊምቢ ወረዳ ቶሌ ቀበሌ በአንድ ቀን በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተጨፈጨፉ፤ ከሟቾቹ መካከል በሰፈራ የሄዱ የወሎ ሰዎችና እዚያው የተወለዱ ልጆቻቸው ነበሩ።

እንግዲህ ጃራ ሸራ ሥር የተቀመጠው ማን ነው? በ77 ጠፋ ብለህ ያለቀስክለት የአጎትህ ልጅ ነው፤ «ሰፈራ ወስዶ አስቀራት» ብላ እናትህ ስሟን እያነሣች የኖረችላት እኅቷ የወለደቻት ናት። ዘመድህ ባይሆን እንኳ የእግዚአብሔር እንግዳ ስለሆነ በቂ ነበር። እግዚአብሔር ግን ራርቶልህ ሥጋህን አድርጎ ላከልህ። ያንንም አላወቅኸውም።

ምን እንዳደረግን በግልጽ እናገራለሁ። የተፈናቀለ ሰው ቤት ሲፈልግ ሲመጣ ኪራይ የጨመረ አለ። እርሻ ላይ ሽንኩርት ያስለቀመ፣ ቲማቲም ያስሸከመ፣ ማታ ላይ ደግሞ «አንተ ተፈናቃይ ነህ፣ ይህ ይበቃሃል» ብሎ ከሌላው የቀን ሠራተኛ ግማሹን የከፈለ አለ። ያን ያደረገ ራሱን ያውቃል፤ እግዚአብሔርም ያውቀዋል። የቆቦ ግራና ሸለቆ የመስኖ ውኃ የማንም አባት ያወረሰው አይደለም። ከምድር ሥር ያኖረው ፈጣሪ ነው፤ በዚያ ውኃ የበቀለ ሽንኩርት ላይ የድኻ ላብ አስቀርተህ አሥራት አወጣሁ ብትል አሥራትህ አይወጣልህም።

ወሬውስ? «ተፈናቃዮቹ ሌቦች ናቸው፣ በሽታ አምጥተዋል፣ ሥራ ዘጉብን» የሚለው ወሬ ከማን አፍ ወጣ? ያን ጊዜ ሰይጣን ራሱን ፈንክቶ መንታ መንገድ ላይ የቆመው እንግዳው ወደ አብርሃም ቤት እንዳይሄድ ነበር። ዛሬ ደግሞ አብርሃም ወደ እንግዳው እንዳይሄድ ቆሟል፤ የቆመውም በእኛ እግር ነው፣ የሚናገረውም በእኛ አፍ። ቡና ላይ፣ ባጃጅ ውስጥ፣ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ሳይቀር። ሥላሴ ወደ አብርሃም ቤት የሚመጡበትን መንገድ የዘጋ ሰው ሐምሌ 7 ድፎ ቢቆርስ ምን ይጠቅመዋል?

«እኛስ ምን ተረፈን? ድርቅና ጦርነት እኛንም ጨርሶናል» የሚል አለ። እውነት ነው፤ ወሎ ሀብታም ነው ብዬ አልመጣሁም። ነገር ግን እግዚአብሔር ነቢዩ ኤልያስን በድርቅ ዘመን የላከው ወደ ማን ነበር? ጎተራ ወደሞላው ሰው አልነበረም። በሰራፕታ ወዳለች አንዲት መበለት፣ ለራሷና ለልጇ ቀምሰው ሊሞቱባት የቀረች አንዲት እፍኝ ዱቄት ወዳላት ሴት ነው የላከው። ኤልያስም «አስቀድመሽ ለእኔ ጋግሪልኝ» አላት። ይህ ለሥጋ ጆሮ ይከብዳል። የልጅን የመጨረሻ ቁራሽ ለእንግዳ ስጪ ማለት ነው። እሷ ግን ሰጠች። ዱቄቱ ያላለቀው ከሰጠች በኋላ ነው። «አስቀድሞ ይብዛልኝና ከዚያ እሰጣለሁ» ብትል ኖሮ ሁለቱም በዚያው ማታ በልተው በቀጣዩ ቀን በሞቱ ነበር። እኛ እግዚአብሔርን ማመን የምንለው ማሰሮው ሞልቶ ሲታይ ደስ መሰኘትን ነው፤ ያ ደግሞ እምነት ሊባል አይችልም፤ ማሰሮውን ማመን ነው።

«ጊዜው ክፉ ነው፤ ተፈናቃይ ካስጠጋሁ ፖለቲካ ይሆንብኛል» የሚልም አለ። ሰው ሊፈራ ይችላል፤ ፍርሃትን ጥበብ ብሎ መጥራት ግን ኃጢአት ነው። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 አዲስ አበባ ላይ በጣሊያን ጥይት የተገደሉት ክፉ ጊዜ መሆኑን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። አርበኞቹን እንዲያወግዙ፣ ሕዝቡም ለጣሊያን እንዲገዛ እንዲናገሩ ተጠየቁ። እሺ ቢሉ ጵጵስናቸውም ኑሯቸውም ይቀጥል ነበር። እምቢ አሉ። እኛ ከአደባባይ እንድንቆም አልተጠየቅንም፤ አንድ ክፍል እንድንከፍት፣ አንድ ሕፃን ትምህርት ቤት እንድናስመዘግብ ነው የተጠየቅነው። ይህን በፖለቲካ የሚያሳብብ ሰው በሐውልታቸው ሥር ሲያልፍ አንገቱን ይድፋ።

ደግሞ ይህ አገር በማመን የታወቀ አገር ነበር። ከመርሳ በደቡብ ውርጌሳንና ውጫሌን አልፋችሁ ስትወርዱ ሐይቅ እስጢፋኖስ አለ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከሸዋ ተነሥተው በዚያ ገዳም በአባ ኢየሱስ ሞዓ እግር ሥር ሊቀመጡ የመጡት ስንቅ ይዘው፣ ማደሪያ ተዘጋጅቶላቸው አይደለም። በሰሜን ወሎ ያለችውን ዋድላንም አስቡ፤ ቅኔ ፍለጋ ስንት ሕፃን ከእናቱ ተለይቶ ሄዶባታል። የቆሎ ተማሪ ታውቃላችሁ። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ በትከሻው አንግቶ፣ ውሻ የሚመልስበት ዱላ በእጁ ይዞ፣ ከየቤቱ ደጅ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ያ ልጅ አሥራ ሁለት ወይም አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። በማያውቀው አገር፣ የማያውቀው ቤት በር እንደሚከፈትለት አምኖ ነው የወጣው። የሄደው ልጅ ብቻ አልነበረም ያመነው፤ እናቱም አምናለች። «ወሎ ከደረሰ አይርበውም» ብላ ሸኝታዋለች። እንግዲህ የእግዚአብሔርን ቃል እስከ ዛሬ ያቆየልን በሁለቱ መካከል ያለው ነገር ነው፤ ሳያውቅ የወጣው ልጅና ሳታውቀው ቁራሽ የዘረጋችለት እናት። ያች እናት የማን አያት ናት? የእናንተው አይደለችም?

ስለዚህ የእምነት ጥሪ ሁሉን ሰው ለመንገድ አይጠራም። አንዱን «ውጣ» ይለዋል፣ ሌላውን «ያ የወጣው ደጅህ ደርሷልና ተነሣ» ይለዋል። ብዙዎቻችን የተጠራነው ለሁለተኛው ነው። እሱም መውጣት ነው፤ ከሚታወቀው ኑሮ፣ ከተለካው ወጪ፣ «የእኔ ሰዎች» ከምንላቸው ክበብ መውጣት ነው። አገር ሳይለቁም አብርሃምን መሆን ይቻላል።

ለወልድያ ሰው የተለየ ቃል አለኝ። ነሐሴ 2013 በጦርነቱ ከተማዋ ስትያዝ በሌሊት ወጥታችሁ ወደ ደሴ በእግር የሄዳችሁ አላችሁ። ልጅ አዝላችሁ፣ እናት በወንበር ተሸክማችሁ፣ በውጫሌ አቀበት ላይ ዝናብ ደብድቧችሁ። ደሴ ላይ የማያውቃችሁ ሰው በሩን ከፈተላችሁ። ጥቅምት 2014 ደሴም ስትያዝ አብራችሁ ወደ ደብረ ብርሃን ወረዳችሁ፤ እዚያም የማያውቃችሁ ሰው ብርድ ልብስ ሰጣችሁ። ታኅሣሥ 2014 ስትመለሱ በእንባ የተሳላችሁት ስለት ምን ነበር? አንዳንዶቻችሁ «ከአሁን በኋላ እንግዳ ከደጄ አይመለስም» አላችሁ። እግዚአብሔር ያን ስለት አልረሳም። ኦሪቱም ለእስራኤል ደጋግሞ ያሳሰበው ይህንኑ ነው፤ እናንተም በግብፅ ምድር ስደተኞች ነበራችሁና ስደተኛውን አታስጨንቁ።

በጽድቅ የቆሙ የሉም አልልም። ከአንድ ሰፌድ እንጀራ ለሦስት ቤተሰብ ያካፈሉ፣ ጓዳቸውን ለቀው ሳሎን የተኙ፣ ስማቸው የትም ያልተጻፈ ሰዎች በዚህ ወረዳ አሉ። እነሱ ይህን ተግሣጽ አያስፈልጋቸውም፤ እኛን ሊያሳፍሩን ግን ይበቃሉ። ከእነሱ መካከል ደግሞ ብዙዎቹ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ናቸው። ዱዓ አድርገው፣ ቡና አፍልተው፣ የመጣውን ሰው ሃይማኖቱን ሳይጠይቁ አስገቡ። የነቢያቸው ተከታዮች ተሰደው አክሱም ሲገቡ የኛ ንጉሥ እንደተቀበላቸው እነሱ አልረሱም። እኛ የዚያ ንጉሥ ወገን ነን ስንል ለማለት ያህል ብቻ እንዳይሆንብን።

እንግዲህ ንስሐ ግቡ። ንስሐ ደግሞ ደረት መምታት ብቻ አይደለም። ቀራጩ ዘኬዎስ ጌታ ቤቱ በገባ ቀን ቆሞ የተናገረውን አስታውሱ፤ ከሀብቱ እኩሌታውን ለድኾች፣ ያታለለውንም አራት እጥፍ እንደሚመልስ አስታወቀ። መዳን ለዚያ ቤት እንደሆነ ጌታ የመሰከረው ከዚያ በኋላ ነው።

ኪራይ የጨመርክ ሰው፣ የጨመርከውን አስልተህ መልስ፤ ተከራዩ ቤቱን ለቆ ከሄደ ፈልገህ አግኘው። ደመወዝ ያስቀረህ ሰው፣ የሠራልህን ሰው ስም ብትረሳም ሥራውን አልረሳኸውምና ጃራ ድረስ ሂድና ጠይቅ። ወሬ ያወራሽ እኅቴ፣ ያወራሽበት ቡና ላይ ተመልሰሽ «የተናገርኩት ውሸት ነበር» በይ። የሰንበቴ አባላት፣ በሚቀጥለው ወር ጽዋውን የምታነሡት ከመጠለያው ሰዎች ጋር ተቀምጣችሁ ይሁን፤ ትርፉን መላክ ሳይሆን አብሮ መብላት ነው የምላችሁ። ክፍል ያለው ክፍል ይስጥ፣ ቦይ ላይ የተረፈ መሬት ያለው በእኩል ያሳርስ። ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት የምታስመዘግቡ መምህራን ሰነድ አጡ ብላችሁ አትመልሷቸው፤ ሰነዱ ከቤታቸው ጋር ተቃጥሏል።

እናንተ ካህናት ደግሞ፣ የንስሐ ልጃችሁ መጥቶ «አባ፣ ይፍቱኝ» ሲላችሁ ስለ ስካርና ስለ ዝሙት ብቻ አትጠይቁት። ስለ ደጁ ጠይቁት። የቀን ሠራተኛውን ግማሽ ደመወዝ ኪሱ ይዞ የመጣ ሰው ስግደት ታዞለት ብቻ አይሂድ። ገንዘቡን መልሶ፣ ደረሰኝ ሳይሆን ያን ሰው ራሱን ይዞ ይምጣ፤ ያን ጊዜ «እግዚአብሔር ይፍታህ» በሉት።